ቸርኬ ጭነው የመጡ ሽማግሌ

ወይዘሮ ፈትለወርቅ በሩን ሲከፍቱ ደጃፉ ላይ የቆሙት ሰውዬ አዲስ ነጠላ አጣፍተው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ነበር። ከኋላቸው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት መሬት መሬቱን ያያል። ዕለቱ እሑድ ነው፤ ቅዳሴ ካለቀ ብዙም አልቆየም። ያላገባች ሴት ልጅ ያለው ቤት፣ በዚህ ሰዓት እንዲህ ለብሶ የመጣ ሰው ሲያይ የሚገምተው አንድ ነገር ነው።

"ይግቡ፣ ይግቡ አባቴ" አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ልባቸው እየመታ። "ይኸው ወንበር፣ ይቀመጡ።"

"አይ፣ አንቀመጥም እመቤቴ" አሉ ሰውዬው። "መጀመሪያ የመጣንበትን እንጨርስ።"

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ጥርጣሬ አልቀራቸውም። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር ወንበር አይነካም። ችግሩ፣ ሳሎን ውስጥ ከዴንቨር ዳር፣ ከሊትልተን የመጡት ወዳጃቸው ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተቀምጠዋል። እሳቸውም የመጡት የጥርስ ሐኪም ልጃቸውን ነገር ዳር ዳር ለማለት ነው። ሁለት ጥያቄ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳሎን! ወይዘሮ ፈትለወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ቆሙ።

"እንግዲህ አባቷ በሕይወት የሉም፤ ያለሁት እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "ልጁ... ቤተሰቦቹ እነማን ናቸው? ሥራውስ ምንድን ነው?"

ሰውዬው ግር አላቸው። ወደ ወጣቱ ዞሩ። ወጣቱም ቀና አለ፤ ዐይኑ ግን ያረፈው ከደረጃው አጋማሽ ላይ እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ በቆመችው ልጅ ላይ ነበር።

ልጅቷ፣ የምሥራች፣ ሁሉንም ሰምታለች። ሰውዬው ጋሽ ዘውዱ ናቸው፤ የወጣቱ የእንዳልክ አጎት፣ የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ የሚነዱ። ውጪ በቆመው ፒክአፕ ላይ እሷ ያዘዘቻቸው አራት የመኪና ቸርኬዎች፣ ጎማቸው ተገጥሞላቸው፣ በካርቶን ተሸፍነው ተጭነዋል። ሊያደርሱላት ነው የመጡት፤ ይህ እውነት ነው። እሷና እንዳልክ ከበረዶው ወራት ጀምሮ እንደሚዋደዱም እውነት ነው። እናቷ ይህን ሁለተኛውን አያውቁም። እንዳልክ ስቆ "ተሳስተዋል እናቴ" ሊል ይችል ነበር። አላለም። ለእሷ ተወላት፤ ቀና ብሎ አያት።

ከሶፋው ላይ የወይዘሮ ዘርፈሽዋል አንገት መዘዝ ሲል አየች። ፊቷ ጋለ።

"እማዬ፣ ሽማግሌ አይደሉም" አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጭን ነበር። "ጎሚስታዎች ናቸው። ያዘዝኩትን ዕቃ ሊያደርሱ ነው።"

ከዚያ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ሳቁ፤ ወይዘሮ ፈትለወርቅም እፎይ እያሉና እያፈሩ አብረው ሳቁ። "ወይ ጉዴ! እኔ ደግሞ ልድርልዎ ነበር እኮ!" ጋሽ ዘውዱም ለሰው ሲሉ ፈገግ አሉ።

"ለልጁ ጉርሻ ቢጤ ስጪው እንጂ የምሥራች" አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። "በሰንበት ደክመው መጥተው።"

የምሥራች ቦርሳዋን ከፈተች። ያወጣችውን ብር ሳታየው ዘረጋችለት። እንዳልክ በሁለት እጁ ተቀበላት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ" አለ።

ከዚያ አጎትና የወንድም ልጅ በነጭ ልብሳቸው አራቱን ቸርኬዎች አንድ በአንድ ተሸክመው ጋራዡ ውስጥ ደረደሩላት። የጋሽ ዘውዱ አዲስ ነጠላ ጫፉ ላይ ጥቁር የጎማ እድፍ ሲነካው የምሥራች በመስኮት አየች። መጋረጃውን ለቀቀችው።

* * *

የተዋወቁት በበረዶ ቀን ነው። የምሥራች ኦሮራ ውስጥ የሆስፒታል ፋርማሲስት ናት፤ ሰው ፊት መናገር የሚከብዳት፣ ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጥ። ማንም የማያውቅላት አንድ ነገር ነበራት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቶርንተን ወጣ ብሎ በሚገኝ ሰፊ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ በትንሿ ቀይ ማዝዳዋ ትወዳደራለች። አስፋልቱ ላይ በብርቱካንማ የፕላስቲክ ኮኖች ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራና መኪኖች አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። ሰዓት ይያዛል፤ ኮን የገጨ ሰከንድ ይጨመርበታል። አውቶክሮስ ይሉታል።

ያን የበረዶ ቀን ሃቫና ስትሪት ላይ እንዳልክ ወደሚሠራበት የጎማ ቤት ገብታ ይህን በሹክሹክታ ስትነግረው፣ በዲቪ ከመጣ ገና አራት ዓመት ያልሞላው ያ ልጅ ክሪኩን አስቀምጦ አያት።

"እና ማን ነው የሚያሳድድሽ?"

"ማንም።"

"ማንም ካላሳደደሽ ለምን ትሮጫለሽ?"

ሳቀች። በማታውቀው ሰው ፊት መሳቋ ራሷን አስደነገጣት።

ከዚያ በኋላ ቸርኬ መምረጥ ሰበብ ሆናቸው። እሷ የምትወዳደረው ስቶክ በሚባለው ክፍል፣ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ መቆየት ባለበት ነው። ቸርኬ መቀየር ይፈቀዳል፤ ስፋቱ ግን ፋብሪካው ከገጠመው በላይም በታችም መሆን አይችልም። አንድ ቀን እንዳልክ ከመጋዘን አንድ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሰፋ ያለ ቸርኬ አቅፎ ወጣ።

"ይቺን አስገቢባት፤ መሬቱን በጥፍሯ ነው የምትይዘው።"

"ስፋቷ በግማሽ ኢንች ይበልጣል።"

"በግማሽ ኢንች? ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ" አለች የምሥራች።

እንዳልክ ቸርኬውን መሬት አስቀምጦ ትኩር ብሎ አያት። በኋላ እንደነገራት፣ የወደዳት ያኔ ነው።

ጎማው ላይም ተከራከሩ። ከተፈቀዱት ጎማዎች ለምርጫ የቀሩት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከቆመበት ሲነሳ ጀምሮ የሚይዝ፣ ሌላው ግን ሲሞቅ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ፣ ቀዝቃዛ ሲሆን የሚያንሸራትት። እንዳልክ የሁለተኛው ወገን ሆነ።

"የእኔ ዙር እኮ አንድ ደቂቃ አይሞላም" አለችው። "እስኪሞቅ አልቋል። ተራዬ እስኪደርስ ደግሞ ተመልሶ ይቀዘቅዛል።"

"ሁለት ሰው ቢነዳትስ? አንዱ ሲወርድ ሌላው ይገባል። አይቀዘቅዝም።"

"ሁለተኛው ሰው ማነው?"

እንዳልክ የንፋስ ቧንቧውን መጠቅለል ጀመረ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። የምሥራች በዚያው ሳምንት ለሰኔው ውድድር ሁለቱንም በአንድ መኪና አስመዘገበች፤ የሚሞቀውንም ጎማ አዘዘች። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጋ "እወድሃለሁ" ያለችው ሰው በሕይወቷ አልነበረም።

* * *

ከዚያ እሑድ በኋላ እንዳልክ አልደወለም። ሰኞ "ይቅርታ አድርግልኝ" ብላ ጻፈችለት። ማክሰኞም ጻፈች። ረቡዕ ከሰዓት፣ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋን አስነስታ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣ ሳለ መልሱ መጣ።

"ጥቂት ከነዱ በኋላ ቡሎኖቹን ደግመው ያጥብቁ። ስለመረጡን እናመሰግናለን።"

ደጋግማ አነበበችው። ጎማ ቤቱ ለሁሉም ደንበኛ የሚልከው ቃል ነው። ቢሰድባት ትመርጥ ነበር።

ቤት ደግሞ የእሑዱ ነገር ወግ ሆኗል። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር ያወሩታል፤ ባወሩት ቁጥርም ያድጋል። ሐሙስ ላይ ጋሽ ዘውዱ ጥቁር ካባ ደርበው ነበር። ዓርብ ላይ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ጥሎሹን ሊጠይቁ አንድ ቃል ቀርቷቸው ነበር። የምሥራች በየጊዜው ከክፍሉ ትወጣለች። አንዴ ግን መውጫ አጥታ፣ ሰዎቹ ሲስቁ አብራ ሳቀች።

ዓርብ ማታ ጋራዡ ውስጥ ማዝዳዋን በክሪክ አንስታ አራቱን ቸርኬዎች ብቻዋን ገጠመች። እንዴት እንደሚገጠም ያስተማራት እሱ ነው። ብርማ፣ ቀለል ያሉ፣ ጌጥ የሌላቸው ቸርኬዎች ናቸው፤ ያለ ትርፍና ያለ ጉድለት የፋብሪካው ልክ። በአራተኛው ቸርኬ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ ሲገጠም በማይታይበት ቦታ፣ በጠመኔ ትንሽ ጽሑፍ አገኘች። "አይዞሽ" ይላል። በካርቶን ከመሸፈኑ በፊት የተጻፈ ነው። በሩ ላይ ከመቆሙ በፊት።

ቸርኬውን አቅፋ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

* * *

ቅዳሜ፣ የሰኔው ውድድር ቀን፣ ጠዋቱ ብርድ ነበረው፤ ተራሮቹ ላይ ያለው ደመና አልተገፈፈም። የምሥራች እንዳልክ እንደማይመጣ እርግጠኛ ሆና ነበር የሄደችው። በአውቶክሮስ የተመዘገበ ሰው ሁሉ፣ እሱ በማይነዳበት ሰዓት ሜዳ ወርዶ የወደቀ ኮን የማንሳት ግዴታ አለበት። አንድ ሰው ከቀረ ሌላው ሸክሙን ይይዝለታል። ይህን ደንብ የነገረችው እሷ ነበረች። ወደ መነሻው መስመር ስትጠጋ፣ ከሩቅ፣ በመጨረሻው ኩርባ ላይ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ የቆመ ረጅም ሰው አየች።

እንዳልክ ነው። የመንጃ ሰዓቱን በሥራ ተራ ለውጦ፣ ሸክሙን በማንም ላይ ላለመጣል መጥቷል።

ባንዲራው ወረደ። የምሥራች ነዳች። ጎማው ቀዝቃዛ ነበር፤ ከእሷ በፊት ያሞቀው ሁለተኛ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ኩርባ በጭንቅ አለፈች፤ ሁለተኛው ላይ መሪው እጇ ውስጥ ቀለለባት። መጨረሻው ላይ ዐይኗ ከመንገዱ ይልቅ እሱ ላይ ነበር፤ መኪናዋ ተንሸራትታ ሦስት ኮን ጠርጋ ቆመች።

እንዳልክ ሮጠ። አንዱን ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር አነሳ። በመስታወቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተያዩ፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ እንኳ አልነበረም። ኮኑን በኖራ በተሠመረለት ምልክት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠና ክንዱን ለዳኞቹ ከፍ አድርጎ ጥፋቷን አስቆጠረ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብታይ በቻለችው ነበር። ያየችው ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው።

ዙሩ ሲያልቅ ሰደርያውን እያወለቀ ሲመጣ በመንገዱ ላይ ቆመች።

"ጎማው ቀዝቅዞብዎት ነው" አለ።

"እርስዎ አትበለኝ።"

"ደንበኛ አይደሉ?"

"እንዳልክ፣ እባክህ።" ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ሌሊቱን ያጠናችው። ሁሉም ጠፋባት። "ደነገጥኩ። ሴትየዋ ተቀምጣ... እማዬ... እኔ ሰው ፊት..."

"ዐይን አፋር እንደሆንሽ አውቃለሁ። እሱን ወድጄ ነው።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ዝም ብትዪ ይገባኝ ነበር የምሥራች። ዝም በይ፣ ደረጃውን ውጪ፣ በርሽን ዝጊ፤ ምንም አልልም ነበር። አንቺ ግን ተናገርሽ።"

"አዎ።"

"ጎሚስታ ስላልሽኝ አይደለም። ጎሚስታ ነኝ። በግማሽ ኢንች አልዋሽም ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ! ማን ያያል ስልሽ 'እኔ አያለሁ' ያልሽው። እኔ ያንን ሰው አምኜ ነው እዚያ በር ላይ ቆሜ የጠበቅኩት።"

ነፋሱ የሰደርያውን ጫፍ እያማታ ነበር።

"ጋሽ ዘውዱ ነጠላ የለበሱት ከቤተክርስቲያን ስለመጡ መሰለሽ?" አለ ቀስ ብሎ። "ከቅዳሴ ወጥተው ቤት ገብተው አዲሱን ቀየሩ። መንገድ ላይ ምን አሉኝ? 'ዛሬ ቸርኬ አድራሽ ነኝ፤ ቤቱን ልየው፣ እናቷንም ሰላም ልበል። ሌላ ቀን ሰው ይዤ እመጣለሁ።' እናትሽ ብዙም አልተሳሳቱም ነበር።"

"እግዚኦ" አለች የምሥራች።

"ስንመለስ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ያንቺን ብር ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨመሯት። ነጠላውን ራሳቸው አጠቡት፤ እድፉ አልለቀቀም። ከዚያ ስቀው 'የጎማ እድፍ መች ይለቃል' አሉኝ። የሳቁት እንዳይከፋኝ ነው።" ሰደርያውን አጣጠፈ። "እኔን ተይኝ። እኔ ይበርድልኛል። እሳቸውን ግን..."

ከኋላው ጠሩት፤ ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነበር።

"ሁለተኛው ሹፌር አንተ ነህ" አለች ቁልፉን ዘርግታ። "ስምህ አለ።"

"ለመንዳት አልመጣሁም" አለ እንዳልክ። ሰደርያውን ለዳኛው መልሶ በእግሩ ወደ አውቶቡሱ መንገድ ሄደ። የምሥራች ቁልፉን እንደዘረጋች ቀረች። ከእፍረትዋ ክብደት የተነሳ ዕንባ እንኳ አልመጣላትም።

* * *

ቤት ስትደርስ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ወጥ ቤት ውስጥ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ በስፒከር ከፍተው ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። "...አንቀመጥም ሲሉኝ እኮ በቃ..." ይላሉ እየሳቁ፤ ከስልኩ ውስጥም ሳቅ ይሰማል።

"እማዬ፣ ማን ናቸው?"

"ዘርፌ ናት። ምነው፣ ፊትሽ ምን ሆኗል?"

"አትዝጊው። እሳቸውም ይስሙ።" የምሥራች የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። "እሑድ ዕለት የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልጁ እንዳልክ ይባላል። ከክረምት ጀምሮ እንዋደዳለን። ሰው አፍሬ ነው እንደማላውቀው የሆንኩት። ጉርሻ የሰጠሁት ላገባው ለምፈልገው ሰው ነው። አጎቱ ደግሞ እውነትም ቤታችንን ሊያዩ ነበር ነጠላ የለበሱት። ከእንግዲህ አትሳቁባቸው።"

በሕይወቷ እንዲህ ያህል ረጅም ንግግር በሰው ፊት አድርጋ አታውቅም።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ቢላዋውን አስቀመጡ። "ፈትለ?" ይላል ስልኩ። "ሄሎ? ፈትለ?" በእርጥብ እጃቸው ዘጉት። የምሥራች ቁጣ ጠበቀች፤ ስለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ሰው ምን ይላል።

"እኔ እኮ" አሉ እናቷ በመጨረሻ፣ "በሩን ስከፍት ደስ ብሎኝ ነበር።"

"እማዬ..."

"ዘርፈሽዋል ስላለች ተጨነቅኩ እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውየው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲቆሙ ልክ አባትሽን መሰሉኝ። አባትሽ ሃያ ዓመት ዴንቨር ታክሲ ነድቶ ነው ያስተማረሽ። ደንበኛ በር ሲከፍትለት እንደዚያ ነበር የሚቆመው። ከየት አመጣሽው ይህን በሰው ሥራ ማፈር?"

የምሥራች ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ከእናቷ ትፈራው የነበረ ንቀት እናቷ ጋ እንዳልነበረ፣ እሷው ዘንድ እንደነበረ ሲገባት።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ አላባበሏትም። "እኔም ሳምንቱን ሙሉ ስቄባቸዋለሁ" አሉ እጃቸውን እየጠረጉ። "የራሴ ጥፋት አለብኝ። የሴት ወገን ሽማግሌ አይልክም፤ አናደርገውም። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን እንሄዳለን። ቤታቸውን ታውቂዋለሽ?"

"ሃቫና ስትሪት አካባቢ ነው።"

"ነገ ከቅዳሴ በኋላ። በዚያች ቀይ ቁራጭ መኪናሽ ውሰጂኝ፤ እኔስ ገብቼባት አላውቅ።"

በማግስቱ እናትና ልጅ በማዝዳዋ ሄዱ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ነጭ ለብሰው፣ በዝቅተኛው ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ፣ እስኪደርሱ ድረስ "ይቺ መኪና ናት ወይስ ጫማ?" እያሉ ነበር። በሩን የከፈቱት ጋሽ ዘውዱ ናቸው። ደነገጡ፤ ከዚያ "ይግቡ፣ ይቀመጡ" አሉ ወንበር እየሳቡ። እንዳልክ ከኋላ ክፍል ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"አንቀመጥም" አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ። "መጀመሪያ የመጣንበትን እንጨርስ።"

የምሥራች ከእናቷ ኋላ ወጥታ ጎንበስ አለች፤ የጋሽ ዘውዱን ጉልበት ሳመችና ጥፋቷን በራሷ አፍ ነገረቻቸው። ጋሽ ዘውዱ ቆመው ሰሟትና በትከሻዋ ይዘው አነሷት፤ እንዳልክም ወንበር ሳበላት። ከዚያ አራቱም ተቀመጡ።